ከአይጦቹ ቀጥሎ የእኔ ክንድ

የጋለ ዘይት ግራ ክንዴ ላይ የተደፋብኝ ቤሩት፣ ራስ ቤሩት በሚባል ሰፈር፣ ማዳሜ ቤት ድንች ስጠብስ ነው። ጮኬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አልኳት።

«ሐኪም ቤት ምን ያደርግልሻል? ከእኔ የተሻለ አታገኚም» አለችኝ።

ማዳሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት። ዓይን የማያየው ደቃቅ የብር ብናኝ ያለበት የቁስል መሸፈኛ ትሠራለች፤ ናኖ ይሉታል። ክንዴን በውሃ አቀዝቅዛ፣ ከላቦራቶሪዋ ያመጣችውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ለጠፈችብኝ። በቀየረችው ቁጥር አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች። ለእኔ ያሰበች መስሎኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ሕመሙም ቶሎ በረደልኝ።

አንድ እሑድ የሥራ ባልደረቦቿ ለምሳ መጡ። ሰላጣ ይዤ ስገባ ስልኳን እያዟዟረች ታሳያቸዋለች። አየት ሳደርግ የገዛ ክንዴ ነው።

«ከፊራኑ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ እሷ ናት» አለች። ፊራን አይጦች ማለት ነው።

አንዱ «ብራቮ!» ብሎ አጨበጨበላት።

ደሜ ፈላ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«ማዳም፣ እኔ አይጥ ነኝ?»

ባሏ «ኸላስ! ያላ፣ ወደ ማድቤት!» አለኝ። ንቅንቅ አላልኩም።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እየዳንሽ አይደል እንዴ?» አለች ማዳሜ፣ ፊቷ ቀልቶ።

«መዳኑንስ እየዳንኩ ነው። ግን ጠይቀሽኛል? ሙከራ ነው ብለሽኛል?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኝ ነበር?»

«እሺ እል ይሆናል። መወሰን ያለብኝ ግን እኔ ነበርኩ!»

እንግዶቹ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው «እውነቷን ነው» የሚል አንድ ጠፋ።

ሲሄዱ ፎቶዎቹን ዓይኔ እያየ አስጠፋኋት። ሌላ ቦታ አስቀርታ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ? በማግስቱ አዲስ ልጣፍ ይዛ ስትመጣ እጄን ሰበሰብኩ። ሳላስፈቅድ ሐምራ፣ ሱቆቹ ያሉበት መንገድ ወጥቼ ከፋርማሲ ቅባትና ፋሻ ገዛሁ። ኮንትራቴ እንዳለቀም ቤቷን ለቅቄ ወጣሁ።

ይህንን ሁሉ ለአንዲት የወሎ ልጅ፣ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷም በሰው ቤት ነው የምትሠራው።

«ታድለሽ!» አለችኝ። «እኔን ካውያ ሲያቃጥለኝ ማዳሜ የጥርስ ሳሙና ነው የቀባችኝ።»

እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ። ቆዳዋ ተኮማትሮ ጠቁሯል። የባሰ ተናደድኩ።

«ይሄ መታደል ከሆነስ ይቅርብኝ!»

ጠባሳዋን አሻሸችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ያ ልጣፍ ግን የቆየ ጠባሳም ያጠፋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ልበላት? ለእኔ ማን አስረድቶኝ!