በሽታ ለከርሞ ነው

ከሚሴ ውስጥ ሰው ዶክተር የሚሆነው ሲመረቅ አይደለም፤ ሕክምና ደረሰው የተባለ ዕለት ነው። የበርበሬ ነጋዴዋ የዙቤይዳ ልጅ መሊካ ገና ሻንጣዋን ሳታዘጋጅ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» አላት። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ዶክተር፣ የት ላድርስሽ?» ይላት ነበር። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን ጣማት። ማንን ነው የማይጥመው?

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው አናቶሚ፣ ሂስቶሎጂና ፊዚዮሎጂ ነው፤ አጥንቱን፣ ሥሩን፣ ሕዋሱን፣ የልብ አመታቱን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአስከሬን ክፍሉ የፎርማሊን ሽታ ምሳ አላስበላ ብሏት ነበር፤ ስትለምደው በላች። በማይክሮስኮፕ ያየችውን የጡት ሕዋስ በሮዝና በሐምራዊ እርሳስ አሳምራ ስላው፣ መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ አሳይቶላታል።

በዚያው ሰሞን እናቷ ደወለች። ስለ ጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ ስለ ገበያው አውርታ አውርታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጡቴ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር ወጥታብኛለች። አታምም። ምን ትሆን?»

መሊካ «ሆስፒታል ሂጂ» ማለት ነበረባት። ይህን ለማለት ሕክምና መማር አያስፈልግም፤ ማንም ይለዋል። ግን እናቷ በሙሉ እምነት ነበር የጠየቀቻት፤ «አላውቅም» ማለት ከበዳት።

«አብሽሪ እማ፣ ስመጣ አየዋለሁ» አለቻት።

ዙቤይዳ ለዚህ መልስ ሱጁድ ወረደች። ገላዋን ባዕድ ወንድ ከሚያይባት ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት። ጎረቤቶቿ «ኧረ ታከሚ» ሲሏት «የራሴ ሐኪም እያለችኝ?» ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ማሽላው ታጨደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተከፈተ፣ የመሊካ ፈተና ተራዘመ። ባቄላዋም ዝም ብላ አልተቀመጠችም።

መሊካ ለዕረፍት እንደገባች እናቷ በሩን ዘግታ ልብሷን ገለጠች። ቆዳው ወደ ውስጥ ተስቧል፤ ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት አለ። መሊካ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ በስሙ ታውቀዋለች፤ የደም ሥሩ በየት እንደሚያልፍ ታውቃለች። ፊቷ ያለውን ነገር ግን አታውቀውም።

«ምንድን ነው?» አለች እናቷ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች።

«እማ… እስካሁን የተማርነው ጤነኛውን ሰው ነው። በሽታ ለከርሞ ነው።»

ዙቤይዳ ሳቀች። ልጇ የቀለደች መስሏት ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። ዙቤይዳን የመረመረቻት ሐኪም ሴት ነበረች። እዚያው ከሚሴ፣ ከበርበሬ ተራ በእግር በሚደረስበት፣ ባቄላዋ ከመውጣቷ በፊት ጀምሮ የምትሠራ ሴት። «ምነው እስካሁን ቆያችሁ?» ስትላቸው እናትና ልጅ መሬት መሬቱን አዩ። ወደ ደሴ ላከቻቸው። ደሴ ደግሞ ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ጋ ደርሷል ተባሉ።

ዙቤይዳ ረመዳንን ሳታገኝ ሞተች። ሴቶቹ ገላዋን ሲያጥቡ መሊካ ውሃ ታቀብል ነበር፤ ያ ጡት ጋ ሲደርሱ ፊቷን አዞረች። በእናቷ ሀፍረት ተናደደች፤ «ዶክተር» እያሉ በሚጠሯት ተናደደች። ዞሮ ዞሮ ግን ንዴቱ የሚያርፈው በራሷ አፍ ላይ ነው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጎረቤታቸው ሰዓዲያ መሊካን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሻሿን ፈታችላት። አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያክል እብጠት አለ።

«አንቺን ስጠብቅ ነው የከረምኩት፣ ዶክተር።»

«እትዬ ሰዓዲያ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወላሂ ምን እንደሆነ አላውቀውም። ነገ በጠዋት ሆስፒታል እንሂድ፤ ሴት ሐኪም አለች።»

የሰዓዲያ ፊት በራ። ጉንጯን ሳመቻት።

«ትሕትናሽ ቁርጥ እናትሽን! ባዕድ ምን ያደርግልኛል? አንቺው እስክትጨርሺ እጠብቅሻለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ሻሿን መልሳ አሰረች።