የላግሁት ስም

ሥራ የገባሁት በሰኔ መጨረሻ፣ ተማሪ ወደየአገሩ ሲበተን ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ትምህርት ቤት አናጢ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። መጋዜን፣ መላጊያዬን፣ ሁለት መሮና አንድ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ በጆንያ ጠቅልዬ ሄድሁ።

ዲሬክተሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። «ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ።

«ፊደል ቆጥሬያለሁ። ዳዊት አልደገምሁም» አልሁት።

«ለእንጨት ይበቃል» ብሎ ቀጠረኝ። ከእሱ በታች የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ አለ፣ ከጸሐፊው በታች እኔ፣ ከእኔ በታች ዘበኛው አያ ደምሴ። አያ ደምሴ ግን ከእኔ በታች መሆኑን አንድ ቀንም አምኖ አያውቅም።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የዴስኮቹ ነበር። «ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ይሰበሰባል። ሰዎቹ ብዙ ውለታ ውለውልናል። የሚያፍሩበት ነገር እንዳያዩ፣ ክፍላቸውን አሳምርልኝ» አለኝ።

ማኅበሩን አላውቀውም። የነገረኝ አያ ደምሴ ነው። እዚሁ ተምረው አስተማሪም፣ ጸሐፊም፣ የሐኪም ቤት ድሬሰርም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ብርድ ሲጠና ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ብርድ ልብስ ያመጣሉ። ፈተና ሲቃረብ ከተማው ውስጥ ያሉት እሑድ እሑድ ያስጠናሉ። ክረምት ሊገባ ሲል የሚያፈስ ጣራ ያስከድናሉ። ደግ ሥራ ነው አልሁ።

ዴስኮቹን ሳይ ግን ተናደድሁ። እንዲያ ያለ የዋንዛ ገበታ በሰንጢ ተቦርቡሮ ጉድ ሆኗል።

«ይኸ የቀድሞዎቹ ስም ነው። ተወው» አለኝ አያ ደምሴ።

«ስም ክርስትና ሲነሡ ይወጣል። ገበታ ላይ ምን ይሠራል?»

«ዲሬክተሩን ጠይቅ እንጂ።»

«አሳምር ብሎኛል። ምኑን ልጠይቀው?»

«አንት ሰው፣ ጭንቅላትህ ከወይራ ነው የተሠራው» ብሎኝ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ስልግ ከረምሁ። ዋንዛ በጅማቱ አቅጣጫ ካልገፉት ይቦጨቃል፤ ስለዚህ አልቸኮልሁም። አንድ ዴስክ ብቻ አስቸገረኝ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ነው። ቅርንጫፍ የነበረበት ጠባሳ አለው፤ ከጠባሳው አጠገብ ጽሕፈቱ ጠልቆ ተቆርጧል። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁበት። በመጨረሻ ለሰለሰልኝ። የኑግ ዘይት ቀባሁትና ኮራሁ።

እሑዱ ደረሰ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ወደ ክፍሉ ገቡ። ከዚያ ጎንበስ እያሉ ገበታ ገበታውን ማየት ጀመሩ።

«ስሜን ማን በላው?» አለ አንዱ።

«ዲሬክተር፣ ሁላችንንም አባረሩን እንዴ?» አለ ሌላው። ሳቁ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሙሉነህ ግን አልሳቀም። ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው። በየዓመቱ እያንዳንዱ ስሙ ካለበት ዴስክ ይቀመጣል። በዕድሜ ትልቁ ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አቤት» ይላል። የሞተ ሰው ሲጠራ አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛው ስሙ ላይ መዳፉን ጭኖ «አቤት» ይልለታል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ዴስክ የሙሉነህና የይርጋ ነበር። ይርጋ ቆላ ወርዶ ሲያስተምር ወባ ገደለው፣ እዚያው ተቀበረ። እናቱ እማማ ውዴ ቆላ ወርደው መቃብሩን ማየት አልቻሉም። በየዓመቱ ሮብ ገበያ ከሚባለው አገራቸው በእግራቸው መጥተው ጣታቸውን ስሙ ውስጥ ያስገባሉ።

ይህን ብሎኝ ሳይጨርስ እማማ ውዴ ከግቢው በር ታዩ።

ዲሬክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ቶሎ ቅረጸው። ሙሉነህ ይጻፍልህ። እማማ አያነቡም፣ አያውቁብህም።»

«እኔም እምብዛም አላነብ። እሳቸው የሚያውቁት በጣታቸው ነው። አላታልልም» አልሁት።

«እንግዲያው አንተው ንገራቸው።»

ሄድሁና ፊታቸው ቆምሁ። «እማማ፣ የልጅዎን ስም የላግሁት እኔ ነኝ። ዘበኛው ተው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁም።»

«ለምን ላግኸው?»

«ቆሻሻ መስሎኝ።»

 «ፍቅፋቂውስ?»

«ዝናብ ሲበረታ ግቢው በር ጭቃው ላይ በተንሁት።»

ወደ በሩ ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። «የነበረበትን ቦታ ታውቀዋለህ?»

«እሱንስ አውቃለሁ።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ክፍሉ አስገባኋቸውና ዴስኩ ላይ ጠባሳውን አስነካኋቸው። ከዚያ በስተቀኝ ሦስት ጣት ያህል አሻገርኋቸው። ጣታቸው ቆመ።

«እዚሁ ነው። መሮህን አምጣ፤ እኔ እያለሁ ቁረጠው» አሉ።

ሙሉነህ በእርሳስ ጻፈ፣ እኔ ቆረጥሁ። አንድ ፊደል በጨረስሁ ቁጥር ጣታቸውን ያስገባሉ።

«የመጀመሪያው እግሩ ይረዝም ነበር።»

አስረዘምሁት።

«ይኸኛው ጠለቀብህ። እሱ እዚህ ላይ ሰንጢው ዶልዱሞበት ነው መሰል፣ ሣሣ ይል ነበር።»

የጠለቀውን መመለስ አልችልም።  የማኅበሩ ምሳ ቀዘቀዘ፣ ከክፍሉ የወጣ ሰው ግን የለም።

ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ዳሰሱት። «የእሱ አይደለም» አሉ። ላቤን ጠረግሁ። «ቦታው ግን የእሱ ነው። ጥሩት።»

በዕድሜ ትልቁ ሰው «ይርጋ!» አለ። እማማ ውዴ እጃቸውን ከስሙ ላይ አላነሡም። ሙሉነህ መዳፉን በእጃቸው ላይ ጫነና «አቤት» አለ።

ከዚያ የቀሩት ሰዎች ከየኪሳቸው ሰንጢ አወጡ። ዲሬክተሩ መስኮት መስኮቱን አየ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ገበታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቦርቡሮ አለቀ። አያ ደምሴ በሩን ተደግፎ እኔን እኔን ያያል። እንዳይናገረኝ ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

እዚያው ትምህርት ቤት አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ዴስክ እግሩን ሁለት ጊዜ ለውጬለታለሁ፤ ገበታውን አልነካሁትም። እማማ ውዴ መምጣት እስኪያቅታቸው ድረስ በየዓመቱ መጡ፣ በመጡ ቁጥርም ያ የጠለቀው ፊደል ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

ለአናጢ የምለው ይኸን ነው፦ መላጊያህን ከማንሣትህ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቅ። ዘበኛም ቢሆን ከነገረህ ስማው።