ቆረቆር የያዘው ቀይ ኮፍያ

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የበዓል ቅመም ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ልጆቼ ይቆጡኛል፤ «እማ፣ ሰፈራችን የሚጠፋ ቅመም አለ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ የለም። እኔ ግን በርበሬ በረንዳ ገብቼ ደጋግሜ ካላነጠስኩ በዓል የመጣ አይመስለኝም። እንደ ልማዴ አነጥሼ፣ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ ስመለስ፣ አንዲት ወጣት ሱቋ በር ላይ የሰቀለችው የሹራብ ክር አስቆመኝ። ቀይ ነው፤ ድፍን ቀይ ግን አይደለም። በየመሀሉ ነጭ ጣል ጣል ብሎበታል።

«ማዘር፣ እሱ በእጅ የተነከረ ነው፤ የማሽን እንዳይመስልዎት» አለችኝ። «ዘንድሮ ፋሽኑ እሱ ሆኗል።»

«ነጩስ? ቀለም አልቆባችሁ ነው?»

«ኧረ ማዘር፣ ሆን ተብሎ ነው። ጥብቅ አድርገን አስረን ነው የምንነክረው፤ የታሰረበት ቦታ ቀለም አይገባውም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ በዕቃዋ የሳቅኩ መስሏት ፊቷን ቋጠር አደረገች። ምን ብዬ ላስረዳት? እሷ አስባ ተጨንቃ የምታወጣውን ነጭ፣ እኔ በልጅነቴ ሳላውቅ አውጥቼው ዓይኔ እስኪያብጥ አልቅሼበታለሁ።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ግቢ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ እንኖር ነበር፤ አባቴን ያጣሁት ገና በሕፃንነቴ ነው። እናቴ የሻረግ የስፌት ሣር ነጋዴ ነበረች። ስንደዶው ከጎጃም ይመጣላታል፤ እሷ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም እያፈላች ትነክረውና አለላ አድርጋ ሌማትና ሙዳይ ለሚሰፉ ሴቶች ትሸጠዋለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ራሷም ትሰፋለች። ዓመቱን ሙሉ ጣቶቿን ቀለም አይለቃቸውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ወይም ደህና የለበሰ ሰው ሲያነጋግራት፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽገዋለች። እኔ ደግሞ ያን እጅ በጣም እወደው ነበር።

በዚያ ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነልኝም። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ሰንብታ አንድ ቀን፣ ጎመን እየቀነጠሰች፣ «መርካቶ ሥራ ለፈታች ልጅ አትሆንም። ይግዛው ጥምቀትን አክብሮ ሲመለስ ይዞሽ ይሂድ» አለችኝ። ይግዛው ወንድሟ ነው። በየዓመቱ ለገና ቅቤና ጤፍ ጭኖ ከጎጃም ይመጣል። ደግ ሰው ነበር፤ ከረሜላ ሳይዝልኝ መጥቶ አያውቅም። ግን እሱ ቤት መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ለማወቅ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፍ አያስፈልግም።

እኔ የምፈልገው እዚያው መርካቶ ተቀምጬ ሹራብ መሥራት ነበር። መርካቶን የማያውቅ ሰው ምኑ ይወደዳል ይላል፤ ጩኸቱ፣ ግፊያው፣ የጋሪ ገፊው «ዞር በል» ባይነት። እኔ ያለዚያ ጩኸት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሹራቡን የለመድኩት ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። መሥሪያዬን ምናለሽ ተራ ባሉት ውራጅ ብረት ሠሪዎች ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ አስቆርጬ፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ አሹዬ አዘጋጀሁት። እናቴ ይህን ከሥራ አትቆጥረውም። ለእሷ ሥራ ማለት ጭስ ያለው፣ ወገብ የሚያጎብጥ ነገር ነው፤ ቁጭ ብሎ ክር መጎተት የሀብታም ልጆች ጨዋታ ይመስላታል።

እትዬ ዘሀራ ግን እንዲያ አያዩትም ነበር። ከእናቴ መደብ ፊት ለፊት የክር ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው። ከእናቴ ጋር እንደ እህት ነበሩ፤ ለገና እናቴ በራሳቸው እጅ አርደው እንዲበሉት ዶሮ ከነነፍሱ ትልክላቸዋለች፤ ለአረፋ ደግሞ እሳቸው በተራቸው በግ ያስጎትታሉ። አንድ ቀን «የሻረግ፣ ይቺ ልጅ እጅ አላት ወላሂ። ሱቄ ጥግ ላይ ወንበር ላድርግላትና ትሥራ» አሏት።

እናቴ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነች። «መጀመሪያ አንድ ሥራ ተቀብላ፣ ሰው ፊት አስረክባ ልያት። ያኔ ይግዛውን እኔ አናግረዋለሁ» አለች።

ሥራው ሳይቆይ መጣ። አብነት አጠገብ ያለ አንድ መዋእለ ሕፃናት ለገና በዓሉ ልጆቹን በሙሉ ቀይ የሹራብ ኮፍያ ሊያለብስ አሰበ፤ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አልማዝ የእትዬ ዘሀራ ደንበኛ ናቸው። እትዬ ዘሀራ ቃላቸውን ሰጥተው ተቀበሉልኝ። የታኅሣሥ ብርድ ጆሮ የሚቆርጥበት ጊዜ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የግቢያችን ቧንቧ ሲነካ እጅ ያቃጥላል። ችግሩ ክሩ ነው። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ በዚያ ሰሞን ግን ቀይ ክር ከመርካቶ ጠፋ። ለገና ቀይ መልበስ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሳይታየው አልቀረም። እትዬ ዘሀራ ዘንድ የተረፈው ነጭ የበግ ጠጉር ክር ብቻ ነው።

«ነጭ ቢሆን ምን ቸገረሽ?» አሉኝ። «የቀለሙ ድስት እናትሽ ቤት አይደል?»

እናቴ ቀለሙን ሰጠችኝ፤ «ድስቴን እንዳታሳርሪው» አለችና ወደ መደቧ ሄደች። እንድታሳየኝ አልጠየቅኳትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር ነው። ስንደዶ ሲነከር በእፍኝ በእፍኝ ይያዝና ውሃው ውስጥ እንዳይበተን ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እኔም ክሩን በጥቅል በጥቅል አድርጌ፣ እንዳይወሳሰብ ብዬ በየቦታው በሲባጎ አጠበቅኩት። ቀለሙን አፍልቼ ሎሚ ጨመቅኩበት። የግቢው ልጆች «ለጥምቀት የሚወረወረውን ሎሚ ጨረሽው እኮ» እያሉ አላገጡብኝ። ድስቱ ውስጥ ክሩ ቀልቶ ሲገላበጥ ሳይ ልቤ ሞላ። የእትዬ ዘሀራ ሱቅ ጥግ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ታየኝ።

ጉዱ የታየው ሲባጎውን ስፈታው ነው። በየታሰረበት ቦታ ክሩ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ደንግጬ አንዱን ጥቅል ወደ ድስቱ መለስኩት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከመጠን በላይ አፍልቼው ጠጉሩ ተኮማተረና እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ድርቅ አለ። ሌላውን ደግሜ ለመቀቀል ድፍረት አጣሁ፤ ሌላ ክርም አልነበረም። የቀረውን ገመድ ላይ አሰጣሁት። ከበርበሬ በረንዳ የሚመጣው ነፋስ ያን ዝንጉርጉር ክር ሲያወዛውዘው፣ እኔም ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

ሲደርቅ ይሁን ብዬ አንድ ኮፍያ ሠራሁ። ነጩ እንዳሻው ወደቀ፤ አንዱ ከጆሮ በላይ፣ አንዱ ከአናት፣ አንዱ ግንባር ላይ። ጨርሼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳየው ቆረቆር የያዘው ራስ መሰለኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። የአጎቴ መኪና ከጎጃም በረንዳ ሲነሳ፣ እኔም ከጤፍ ጆንያ በተረፈው ቦታ ተቀምጬ ስሄድ ታየኝ።

እናቴ ለምሳ ስትመጣ እንዲያ ሆኜ አገኘችኝ። ኮፍያውን አነሳችው። «ነገርኩሽ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ክሩን ከገመዱ አውርዳ በጣቶቿ መሀል እያሳለፈች ስታየው ቆየች።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያሰርሽው?»

«አንቺ እንደምታስሪው።»

በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የስንደዶ እስር ከግርጌው ነው» አለች። «ነጭ ሆኖ የሚቀረው ግርጌ ሲሰፋ ተቆርጦ ይጣላል። ክር ግን ግርጌ የለው።» «ይኼን ነግሬሽ አላውቅም። እኔም አስቤው አላውቅ» ስትል ጨመረች።

የነቢያት ጾም ስለነበር ሱፍ ፍትፍት አቅርባ «ብዪ» አለችኝ። እሷ አልበላችም፤ ኮፍያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዞረዋለች። ስፌት የለመደ ሰው ክብ ነገር እጁ ከገባ ዝም ብሎ አያስቀምጠውም።

«ይኼ ነጭ ዝም ብሎ የወደቀ አይደለም» አለች። «በየዙሩ እየተከታተለ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይስታል። ሌማትም እንዲሁ ነው፤ ዙሩ ከጠበበ ቀለሙ ይደራረባል፣ ከሰፋ ይሸሻል። እስቲ ዙሩን ትንሽ አስፊው።»

ኮፍያውን ተረተርኩት። ጥቂት ዓይን፣ ማለትም የክር ቀለበት፣ ጨምሬ እንደገና ጀመርኩ። ነጩ ርቆ ሸሸ። «በዛ» አለችኝ። ፈታሁትና ቀነስኩ። ወደ መደቧ መመለሷን ትታ ክሩን ታቀብለኝ ጀመር፤ ፀሐዩ ከግቢው ግድግዳ ላይ ሲወርድ እኛ እንሠራለን፣ እንፈታለን። በመጨረሻ ነጩ በየዙሩ አንዲት ዓይን ብቻ ፈቀቅ እያለ መውጣት ያዘ። ሥራው ጣት ያህል ቁመት ሲያወጣ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚጠማዘዝ ነጭ መስመር ተገለጠ፤ እናቴ ራሷ ሙዳይ ላይ የምትሰፋው ዓይነት መስመር። ያን ቀይ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችው።

«አየሽ» አለች፤ «መንገዱን አገኘ።»

ከዚያ በኋላ መደቧን በጊዜ እየዘጋች ትመጣ ነበር። መሥሪያውን አንድ ቀን እንኳ ይዛ አታውቅም፤ ግን ነጩ ሊስት ሲል ከእኔ ቀድማ ታየዋለች። ስለ አጎቴ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። የምናወራው ስለ ክር ብቻ ነበር፤ እንደዚያ ሰሞን ብዙ አውርተን ደግሞ አናውቅም።

የማስረከቢያው ዕለት ከእትዬ ዘሀራ ጋር ሦስታችን ኮፍያዎቹን በጆንያ ይዘን ወደ አብነት ሄድን። ወይዘሮ አልማዝ አንዱን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ቀይ ነበር ያልነው» አሉ።

እትዬ ዘሀራ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ትሉ የለ እናንተ?» ብለው ሊያስቁ ሞከሩ። ወይዘሮ አልማዝ አልሳቁም። ያን ጊዜ ከኋላዬ የቆመችው እናቴ ወደ ፊት መጣችና እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ደህና የለበሰ ሰው ፊት ያን እጅ ስታወጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ኮፍያውን ተቀብላ ነጩን መስመር በጣቷ ከሥር እስከ አናቱ አሳየቻቸው።

«እመቤቴ፣ ጥለት የሌለው ነጠላ ለበዓል ይለበሳል? ይኼም ጥለቱ ነው። ልጄ አስባ ያወጣችው ነው።»

ግማሹ ውሸት ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ብቻ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ኮፍያዎቹ መጨነቄን ተውኩ። እሷ ከጎኔ ቆማለች።

ወይዘሮ አልማዝ አጠገባቸው በነበረ ድንቡሽቡሽ ሕፃን ራስ ላይ ኮፍያውን አጠለቁት። ሕፃኑ ቆም አለና አነጠሰ። ሁላችንም «ይማርህ» አልነው። ደገመ። ወይዘሮ አልማዝ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ለካ ክሩም ኮፍያዎቹም ግቢያችን ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ከርመው የበርበሬ በረንዳን አቧራ ጠጥተዋል። «የዶሮ ወጡንም አብራችሁ ነው እንዴ ያመጣችሁልን?» አሉና በሳቅ ፈረሱ። ሊያወልቁለት ሲሉ ሕፃኑ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። እየተነጫነጨም እያነጠሰም አለቅም አለ።

«በሉ አናፍሱልኝና ሁሉንም አምጡልኝ» አሉ።

ጥምቀትም ደረሰ፣ አለፈ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ እኔ አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አላከበርኩም። አጎቴ ሊመለስ መኪናው ሲጫን ሊወስደኝ መጣ። እኔ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ጥግ፣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። እናቴ እስከ ሱቁ በር ድረስ አመጣችው።

«ልጅቱ አልተዘጋጀችም እንዴ? መኪናው ሊነሳ ነው እኮ» አላት።

«ልጄ ሥራ ላይ ናት» አለችው።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። አጎቴ እኔን አየ፣ የጃንጥላ ሽቦዎቼን አየ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ እንደ ልማዱ ከረሜላ አወጣና «እንግዲያው ለእኔም አንድ ኮፍያ ሥሪልኝ፤ የጮቄ ተራራ ብርድ የሚቻል አይደለም» አለኝ። ሠራሁለት። ለብሶት አረጀ።

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። በሹራብ ሥራ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሱቅም ከፍቼ ነበር። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎ አመስግኖኛል። ሲከፋኝ ወደ ልቤ የሚመጣው ግን ያ የሱቅ በር ላይ የተናገረችው አጭር መልስ ነው። ሰው ለልጁ ብዙ ነገር ይመኛል፤ እናቴ የተመኘችልኝን ትታ እኔ የተመኘሁትን በአፏ ሙሉ ጠራችልኝ። ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ የራሴ ልጆች ሲያድጉ ነው።

ክር ሻጯን ወጣት፣ ፊቷ እስኪፈታ ድረስ ይህን ሁሉ አጫወትኳት። ሰምታ ስትጨርስ ከባንኮኒው ሥር አንድ የተጀመረ ኮፍያ አወጣችና «እኔም እኮ ነጩ እንዳሻው እየወደቀ አስቸግሮኛል፤ ብዙ ጊዜ ፈታሁት» አለችኝ፣ እያፈረች። አየሁት። የቆረቆሩን ነገር በሆዴ ያዝኩት።

«በርጩማ አለሽ?» አልኳት።

ቅመሜን ከእግሬ ሥር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ዓይኖቹን ቆጥረን፣ ፈትተን፣ ዙሩን ጥቂት አስፍተን ጀመርን። ነጩ ገና መንገዱን ሳያገኝ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት።

«እማ፣ የት ነሽ? ቅመም ገዝተሽ እስካሁን?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።