የጠቆምኩት እኔ ነኝ

ታናሽ ወንድሜን ሐሺሽ ተው ብዬ ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ ለፖሊስ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ገሥጸው ይለቁታል ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን ከፍራሹ ሥር ያገኙትን ይዘው ከሰሱት።

በዋስ ወጥቶ ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመለስ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ «ማነው የጠቆመብኝ?» እሱ በጠየቀ ቁጥር የታጠበ ሳህን ደግሜ አጥባለሁ።

መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ወጣት ሴት ነበረች። «ጥፋቱን ካመነ፣ ሕክምና ከጀመረና ኃላፊነት የሚወስድለት ቤተሰብ ካለ ቅጣቱ እንዲገደብለት እጠይቃለሁ። እስር ቤት ላይገባ ይችላል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እግሬ አላረፈም። ሕክምና መጀመሩን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ለማስጻፍ ብቻ ዘነበወርቅ ሆስፒታል አራት ጊዜ ተመላለስኩ።

ፍርድ ቤት ዳኛው፣ «ሕክምናውን ቢያቋርጥ እርስዎ እህቱ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለፖሊስ እናገራለሁ። በፊትም የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ሕክምናውን እስከተከታተለ ድረስ ግን እንዳይታሰር ቅጣቱ ተገደበለት። ታክሲው ውስጥ እሱ ጋቢና፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። ፌርማታው ላይ ስንወርድ ፊቴን ሳያይ፣ «ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። ትመጫለሽ?» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት። የጠቆምኩበትን ነገር መቼ ያነሣብኝ ይሆን እያልኩ ግን እስከ ማክሰኞ አንድም ቀን ተረጋግቼ አልተቀመጥኩም።