የተቃጠሉ ዕቃዎች ደብተር

ጋሼ ፊውዝን የማውቀው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ነው። የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ «ቶሎ ይቃጠላል፣ ግን ዕቃ ያድናል» ብለው። እኔም በዕድሜ ብዙም ባላንሰው ከነሱ ለምጄ ጋሼ እለዋለሁ። ሲቆጣ ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማዋል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ያንኑ የተቆጣውን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምረዋል።

በኮሪደራችን ጫፍ ሁለት ክበቦች በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። በስተግራ የመምህራን ክበብ ነው፤ ሻይ፣ ጋዜጣና አንድ የፑል ጠረጴዛ። በስተቀኝ ጋሼ ፊውዝ የሚመራው የተማሪዎች ኤሌክትሮኒክስ ክበብ አለ፤ የተበላሸ ሬዲዮና ቻርጀር የሚጠገንበት ጠባብ ክፍል። የመምህራኑ ክፍል ለፑሉ ስለማይበቃ፣ ኳሷ በግድግዳው በኩል ከቆመች ተጫዋቹ በመጋዝ በተቆረጠ አጭር ዱላ ይመታል። ያም ሆኖ የዱላው ጭራ ግድግዳውን ኳ ያደርገዋል። ሦስት ሦስት ዲግሪ የተሸከሙ ሰዎች ያንን ግድግዳ ማፍረስ ሲመኙ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። የጎደላቸው ሰበብ ብቻ ነበር።

በተማሪዎቹ ክበብ አንድ ደብተር አለ። ዕቃ ያቃጠለ ሁሉ እዚያ ይጽፋል፦ ቀኑን፣ የተቃጠለውን ዕቃ፣ ስሙን፣ በመጨረሻም ምን እንደተማረ። የጻፈ አይቀጣም። አራተኛውን ዓምድ ሳይሞላ ግን ከክፍሉ የሚወጣ የለም። የዛሬው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተማሪ ሳለ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የጋሼ ፊውዝ ስም ግን በሃያ ሰባት ዓመት አንድም ቀን አልገባበትም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። አንዱ ጥፋተኛ ሌላውን ሲመክር ከሰማ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ይተርትበታል።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለች ልጅ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉትን የተበላሸ የኤሌክትሪክ መመገቢያ ይዛ መጣች። ጋሼ ፊውዝ አዲሱን ኦሲሎስኮፕ፣ ያንን የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሊፈትሽበት ከመደርደሪያው አወረደ። የዚህ መሣሪያ ጥቁር መቆንጠጫ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ በቀጥታ ከሶኬት የመጣ መስመር ላይ ከተቆነጠጠ እሳት ነው። እሱ ራሱ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጽፎታል። የዚያን ቀን ፊቱን ወደ ልጅቷ አዙሮ፣ ይህንኑ እያስረዳት፣ እዚያው መስመር ላይ ቆነጠጠው። የኮሪደሩ መብራት ድርግም አለ፤ እኔም በግማሽ የጻፍኩት ደብዳቤ ከኮምፒውተሬ ጠፋ። ስደርስ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ሁለቱም ቆመው የጠቆረውን ስክሪን ያያሉ።

«የኔ እጅ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደብተሩ ላይ እጽፈዋለሁ።»

አልጻፈም። ረቡዕም አልጻፈም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ሁለት ዓመት በኮንትራት ይቀጥል የሚለው ደብዳቤ የኃላፊውን ፊርማ ብቻ እየጠበቀ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «እቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥጥ?» ይለኝ ነበር። እኔም አፌን ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ፤ እሱንም እወደዋለሁ።

መምህራኑ ግን ሰበባቸውን አገኙ። ሐሙስ በተጠራው ስብሰባ የመምህራን ክበቡ ሰብሳቢ ተነሥቶ «ተማሪ ውድ ዕቃ አቃጥሏል፤ ክበቡ ይዘጋ፣ ክፍሉም ለሌላ አገልግሎት ይዋል» አለ። ያ ሌላ አገልግሎት አራት እግርና ስድስት ቀዳዳ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊው ደብተሩ ይምጣ አለ። ሊቀመንበሯ ይዛው ገባች። ገለጠና አነበበ፦ ማክሰኞ፣ ኦሲሎስኮፕ፣ ከዚያ የሊቀመንበሯ ስም። አራተኛውንም ዓምድ ሞልታዋለች።

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ቃለ ጉባኤ የምይዝበት እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ። ጋሼ ፊውዝ የጻፈችውን እስከዚያች ደቂቃ አላየም ነበር። ጆሮው ሲቀላ አይቼ አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ።

«ማን ጻፊ አለሽ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም አላለኝም ጋሼ። የጻፈ አይቀጣም ብለውን የለ?»

«የሰው ጥፋት ጻፉ ብያችኋለሁ?»

ይህን ብሎ ደብተሩን ከኃላፊው እጅ ወሰደ፣ የሷን ስም በአንድ መስመር ሰረዘ፣ ከሥሩ አዲስ ረድፍ ጀምሮ የራሱን ጻፈ። አራተኛውን ዓምድ ባዶ ተወው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ኃላፊው። «የእርስዎ ደብዳቤ እኮ ገና...»

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ክበቡን የምትዘጉት በተማሪ ጥፋት ከሆነ፣ የተማሪ ጥፋት የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልኝ።»

አስገባሁለት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። ክበቡ አልተዘጋም። ደብዳቤው ግን ሳይፈረም ተመለሰልኝ። ኃላፊው «ለንብረት ክፍል ምን ብዬ ላስረዳ?» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሦስት ጊዜ አቃጥሎ ሦስቱንም ጊዜ ይቅር የተባለ ሰው ነው። ይህንን ልነግረው አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ መልሼ ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወሩ ሲያልቅ ጋሼ ፊውዝ ዕቃውን ሰብስቦ ቁልፉን ሊያስረክበኝ ወደ ክበቡ ጠራኝ። ልጆቹ ክፍሉን ሞልተውታል። ሊወጣ ሲል ሊቀመንበሯ ደብተሩን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች።

«አራተኛውን ሳይሞሉ አይወጡም ጋሼ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ብዙ አሰበ። ጽፎ ሲጨርስ ደብተሩን ዘጋ፣ ልጅቷን ግንባሯን ስሞ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሁሉም ሊሸኙት ተከተሉት።

ብቻዬን ስቀር ገልጬ አነበብኩት። «ሃያ ሰባት ዓመት ስናገረው የኖርኩትን፣ እኔ ራሴ ሰምቼው እንደማላውቅ» ይላል።

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከግድግዳው ማዶ አንዱ ዶክተር በአጭሩ ዱላ ይጫወት ነበር፤ ኳ ያደርገዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ።