ዓይን የለውም የተባለው ሽሪምፕ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አምቦ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። አንድ ጠዋት የባዮሎጂ መምህራችን ጋሽ ለማ አንድ ጠርሙስ ታቅፈው ገቡ። ውስጡ እንዳይበሰብሱ በፎርማሊን የተነከሩ፣ ከትንሿ ጣት የማይበልጡ ነጫጭ ሽሪምፖች አሉ። ምጽዋ ያለ ወንድማቸው ነው የላከላቸው። እኛ ባሕርን የምናውቀው በካርታ ነው።

«ከየትኛው ፋሚሊ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል» አሉ። «የዝርያ መለያው መጽሐፍ ስለ ዓይኑ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ዓይኑን አጣሁት። ዓይኑን ያሳየኝ አዲስ አበባ ለሳይንስ ውድድር ይሄዳል።»

ያን ዕድል በጣም ነበር የፈለግሁት። ክፍሉ ግን በሙሉ ዞሮ ያየው አንደኛ የሚወጣውን ቶሎሳን ነው። እኔ የምታወቀው በሌላ ነገር ነው... እናቴ እንጭኒ ከተማ ምግብ ቤት አላት። ሴት ልጅ ስለሌላት የዶሮ ብልት የማወጣላት እኔ ነኝ። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ልጆች አንድ በዓል ላይ ሙያዬን አዩና «ወጥ ቤቷ» ብለው ስም አወጡልኝ።

ቶሎሳ ወረንጦውን ይዞ አገላበጠው። እግሮቹን ለያየ፣ ትልቁን መቆንጠጫ ከትንሹ ጋር አስተያየ። ጥሩ እየሄደ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ ዓይን የለውም። ዕውር ዝርያ ነው» አለ። ለማረጋገጥ በምላጭ ሲቆርጠው ጭንቅላቱ ተጨፈለቀ።

እጄን አወጣሁ።

«ወጥ ቤቷ መጣች፣ ሽንኩርት አቅርቡላት» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ለማም ፈገግ አሉ... የእሳቸው ፈገግታ ነው ያናደደኝ።

ዶሮ ስትገነጥሉ አጥንት አትሰብሩም፤ መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጋችሁ ታላቅቃላችሁ። ወደ ጠረጴዛው ወጣሁ። ምላጩን ትቼ የሌላውን ሽሪምፕ ቅርፊት ዳር ዳሩን ዳበስኩት። ቀስ አድርጌ በወረንጦ ጫፍ ሳነሣው እንደ ድስት ክዳን ተነሣ። ከሥሩ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች አፈጠጡብኝ።

«ቲቸር፣ ዓይኑ ይኸው። ቅርፊቱ ነው የሸፈነው። ፎርማሊኑ ቅርፊቱን ስላነጣው ነው ያልታየን።»

ጋሽ ለማ ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው አጎነበሱ። ቶሎሳም አጎነበሰ።

«ዱጋ ነው» አለ ቶሎሳ በኦሮምኛ። «እውነት ዓይን ነው።»

ጋሽ ለማ መጽሐፉን ገለጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። «ዓይኑ በቅርፊት የተሸፈነ... አንዱ መቆንጠጫው ግዙፍ... ሲገጥም እንደ ጥይት የሚጮህ... አልፊዴ! ፋሚሊው አልፊዴ ነው!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አዲስ አበባ የምትሄደው አንተ ነህ።»

ጨዋ ልጅ እንዲህ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ፈጠን ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ግን በደስታ ልፈነዳ ደርሻለሁ... ደረቴን ነፍቼ፣ ሁሉም እንዲያየኝ፣ በዝግታ በመደዳዎቹ መሃል አልፌ ተቀመጥኩ።

ትሕትናውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።