ቅቤ የጠጣው ጎማ

ንጋት፣ ደሴ

ደሴ ገና ከጉሟ አልወጣችም። መናኸሪያው ውስጥ ከሰው ይልቅ የመኪና ጭስ ይበዛል። እኔ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሜ ሻንጣዬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የአየር ሲሊንደሮቹ አሉ። ጥቁሩ፣ ውሃ የማያስገባው ልብስ አለ። ጓንቶቹም አሉ። ዘግቼ ትንሽ ቆይቼ "ግን ጓንቶቹን አይቻቸዋለሁ?" እልና መልሼ እከፍተዋለሁ።

"ወንድሜ፣ ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትሳሳለት?" አለኝ ሾፌሩ ሰይድ።

"ጓንት።"

"ወላሂ ወርቅ መስሎኝ ነበር!" ብሎ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ሲል ነጥቄ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።

ይማም እባላለሁ። ጠላቂ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ዓረብ አገር ነው፤ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ስፍቅ ኖሬያለሁ። የዚያ አገር ባሕር ለገላ መታጠቢያ የተሞቀ ውሃ ነው፣ ያለ ጓንት ትገባለህ። አሁን የምሄደው ግን መካነ ሰላም ነው፣ ወደ ብርዱ። ከከተማው በላይ ባለው ግድብ ውስጥ የውሃ መሳቢያውን አፍ ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ ደፍኖታል። አብሮኝ ዓረብ አገር የኖረውና አሁን የከተማው የውሃ ቴክኒሻን የሆነው ኢብሬ ደውሎ "ሰዉ ውሃ ካጣ ሰነበተ፤ ጤና ጣቢያው እንኳ በአህያ ነው የሚያስቀዳ" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ልብሱንና ጓንቶቹን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው የላከልኝ፤ እስካሁን የሞከርኳቸው ቤቴ ጓሮ፣ በርሜል ውስጥ ነው። በርሜል ውስጥ ደግሞ ማን ሰጥሞ ያውቃል?

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይጠማዘዛል። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሰይድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። ገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በርኖስ የደረበ ሽማግሌ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ ባዶ። ወደ ወረኢሉ የሚወርዱት ሲወርዱ መኪናው ቀለለ፣ ብርዱም በረታ።

አንድ ነገር ልሞክር ብዬ እጄን በመስኮት አውጥቼ ያዝኩት። ደንዝዞ ሲመለስ የጃኬቴን ቁልፍ ልቆልፍ ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ሳያቸው የኔ ናቸው፤ ሳዛቸው ግን የሰው ናቸው። ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር በጣት ነው፤ አየሩን የምትቆጣጠረው በጣት፣ ቢላውን የምትመዘው በጣት፣ "አውጡኝ" ብለህ ገመድ የምትስበውም በጣት።

ለዚህ ነው ጓንቱ እንቅልፍ የነሳኝ። ወፍራሙ የጎማ ጓንት በቀለበት ከልብሱ እጅጌ ጋር ይቆለፋል። ከእጅጌው ውስጥ ደግሞ የእጅ አንጓን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ስስ ጎማ አለ። ጓንቱ ቢቀደድ ያ ስስ ጎማ ውሃውን አንጓህ ላይ ያቆመዋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ማለት ይሄ ነው። ያ ባይኖር ውሃው በክንድህ አልፎ ልብስህ ውስጥ ይገባል፣ ደረትህን ያቀዘቅዛል፣ ያከብድሃል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።

እኩለ ቀን፣ አቀስታ

ገበያ ነው። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ የበግ ጩኸት፣ ጭቃ፣ ሱፍ በጆንያ። ከጎማ ጓንቱ ስር የሚለበስ ሙቅ ነገር ያስፈልገኛልና የሱፍ ኮፍያና ጓንት ከምትሸጥ ሴት ፊት ቆምኩ። እጄን ይዛ በመዳፏ ለካችው።

"ክሩ አይፈታም?" አልኳት።

"የለጋምቦ ሱፍ? አንተ ትፈታለህ እንጂ እሱ አይፈታም!" አለች፤ ጎረቤቶቿ ሳቁ።

የምጠይቀው ወድጄ አይደለም። ቀለበቱ ሲቆለፍ አንድ ክር መሃሉ ከገባ ውሃ በዚያው ክር ይገባል። ይህን ግን ገበያ መሃል ማን ያስረዳል? ለጓንቱ ከፍዬ ሄድኩ።

ማምሻ፣ መካነ ሰላም

ከተማዋ መግቢያ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ ጀሪካን ነው። በምንጩ ዙሪያ ተደርድሯል፣ ባለቤቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። ኢብሬ መናኸሪያው በር ላይ አቅፎ ተቀበለኝና ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ።

እማ ዘሐራ ከበሩ ወጥተው ጉንጬን ሳሙኝ። ሴት ልጃቸው እስካሁን ዓረብ አገር ናት፤ ከዚያ የመጣ ሁሉ ለሳቸው ዘመድ ነው።

"አፊያ ነህ? መንገዱ ጎዳህ? አንተ ነህ ውሃ ውስጥ የምትገባው? ያረቢ!"

ከራት በኋላ ከኢብሬ ጋር ልምምድ አደረግን። የግራውን ጓንት ራሴ አስገባሁ። የቀኙን ግን በጓንት በተያዘ እጅ መቆለፍ አይቻልም፤ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ኢብሬ የሱፉን ጫፍ ዙሪያውን በጣቱ እየገፋ ከቀለበቱ አራቀ፣ ከዚያ ገፋው። ቀጭ አለ። "አልሰማሁም፣ ድገመው" አልኩት። ደገመ። "እስኪ አንዴ!" አልኩት። እማ ዘሐራ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ልብሱን ሳወልቅ ስሱን ጎማ በመብራት አየሁት። ደርቋል፤ የተሰነጠቀ ነገር ግን የለውም። "ይሄ ጎማ ከተሰነጠቀ እኔ አለቀልኝ" አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

"አብሽር ልጄ" አሉ እማ ዘሐራ። "አላህ ያውቃል። ሂድ ተኛ።"

በማግስቱ፣ ማለዳ

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ልብስ ስጠጋ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። የቀኙን እጅጌ ገለበጥኩት። ስሱ ጎማ አብጦ፣ ተሸብሽቦ፣ ያበጠ ከንፈር መስሏል። እጄን ሳስገባበት አንጓዬን ሳይይዝ ወለል አለ።

እማ ዘሐራ ከኋላዬ መጡ፣ ፊታቸው በርቷል።

"ደርቆ አየሁታ! ለበቅሎው ጠፍር እንደማደርገው ለጋ ቅቤ አሸሁት። እንግዲህ አይሰነጠቅም። የግራው ከስር ተጣጥፎ ነበር፣ ኋላ እሱንም እቀባልሃለሁ።"

ምን ይባላል? ደጋ ላይ ቆዳ የሚድነው በቅቤ ነው፤ ኮርቻው፣ ጠፍሩ፣ አለንጋው። ይህ ጎማ ግን ቅቤ ሲነካው እንደሚላሽቅ በምን ያውቃሉ? አንድ ቃል ብናገር ያ የበራ ፊት ይጠፋል። "አላህ ይስጥልኝ እማ፣ ያኛው ይቅር፣ ደህና ነው" አልኩና ልብሱን ይዤ ወጣሁ።

ኢብሬ ጓሮ ሲያየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እንተወው?"

"ሌላ ቀንስ ምን ይለወጣል? ለዚህ ጎማ መለዋወጫ የለኝም።"

ቅቤውን በልብስ ሳሙና ደጋግመን አጠብነው። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ሄድን። ኢብሬ ከአሮጌ የሞተር ሳይክል ካላማዳሪያ ሰፊ ቀለበት አስቆረጠ። በላሸቀው ጎማ ላይ፣ አንጓዬ ላይ አጠለቅነው። ያዘ። ግን አጥብቆ ያዘ፤ መዳፌ ቀላ። ቢላላ ውሃ ያስገባል፣ ቢጠብቅ ደሜን ያቆማል። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ያየኝ ነበር፤ "እጅህን ልትቆርጠው ነው እንዴ?" አለኝ።

ረፋድ፣ ግድቡ ዳር

ውሃው ጠቁሮ ተኝቷል። ዳሩ ላይ ጥቂት ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። "አሚን" አልኩ ከልቤ። ኢብሬ ውሃው እንዳይስበኝ ከመሳቢያው በኩል ያለውን መዝጊያ ዘጋ፣ ተመልሶም የቀኝ ጓንቴን ቆለፈልኝ። ቀጭ። "እንድደግመው ትፈልጋለህ?" አለኝ፤ ደገመው። ገመዱን ወገቤ ላይ አሰረ። አንድ ጊዜ ከሳብኩ ደህና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ከሳብኩ አውጡኝ።

ገባሁ። ብርዱ ፊቴን ነከሰኝ። እጆቼ ግን ሞቃት ናቸው! የለጋምቦ በግ ይባረክ። ወደ ታች በጨለማ ውስጥ እየዳበስኩ ወረድኩ። የብረቱን ፍርግርግ አገኘሁት፤ ሥር፣ ቅርንጫፍ፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ድፍን ብሏል። መዘዝኩ፣ ቆረጥኩ፣ መዘዝኩ። አንድ ጊዜ ገመዱን ሳብኩ።

ከሥሩ መሃል ሽቦ ነበር። አላየሁትም። ቀኝ እጄን ስስብ ያዝ አድርጎ ጓንቱን ቀደደው፤ ወዲያው ትንሿ ጣቴ ላይ ብርድ ገባ። ቀዝቃዛው ውሃ ጣት በጣት ሄደ፣ መዳፌን ሞላ፣ ወደ አንጓዬ ወጣ። መተንፈስ አቆምኩ። ክንዴ ላይ እስኪሰማኝ ጠበቅሁ። ያረቢ። ያረቢ። ቆመ። የጎሚስታው ካላማዳሪያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጣቶቼ ግን እየሄዱብኝ ነው። የቀረው አንድ ጆንያ ነው፣ ከብረቱ መሃል ተወትፏል። ሁለት ጊዜ ስቤ ልውጣ? ያ ቢጫ ጀሪካን ትዝ አለኝ። በግራ እጄ ጆንያውን ያዝኩ፣ እግሬን ብረቱ ላይ ተክዬ ሳብኩ። እምቢ አለ። ቀኜን ጨመርኩ፤ ይያዝ አይያዝ አላውቅም፣ እንደ መንጠቆ ነው የጣልኩት። ጆንያው ሲለቅ ወደ ኋላ ገለበጠኝ። ገመዱን በግራዬ ፈልጌ ሁለት ጊዜ ሳብኩት።

ኢብሬ ዳር ላይ ጓንቴን ሲያወልቅ ውሃው ደረቱ ላይ ተደፋ። ክንዴ ደረቅ ነው። ካላማዳሪያውን በቢላ ቆረጠልኝ። እጄ ግን ነጭ ሆኗል፤ ብቆነጥጠው አይሰማኝም። "ይመለሳል" አለ። ድምፁ ግን አላመነበትም፣ እኔም አላመንኩም። ከዚህ በኋላ በምን እጄ እሠራለሁ?

ከሰዓት፣ እማ ዘሐራ ቤት

ኢብሬ መዝጊያውን ለመክፈት ቀረ፤ እኔን ሰዎች ወደ ቤት አመጡኝ። እማ ዘሐራ ጋቢ ደረቡልኝና እጄን በሁለት እጃቸው መሃል አደረጉት። አንጓዬ ላይ ካላማዳሪያው የተወውን ቀይ ቀለበት አዩት፣ ቀጥሎም ልብሱን፣ ቀጥሎም እኔን።

"ጎማ እንደ ጠፍር አይደለም ለካ" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄን ዓረብ አገር ስልክ፣ እንዲያው የሚጠብቃት ነገር አበጅቼ በላክሁ እል ነበር። ላንተ ያበጀሁ መስሎኝ። አጥፍቼህ ነበር፣ አይደል?"

መዋሸት አቃተኝ። "ደህና ነኝ እማ" ብቻ አልኩ።

ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ ጊዜ አሳለ። አየር ተፋ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መንዠቅዠቅ ጀመረ። ጎረቤት እልል አለ፣ ባልዲ ተንኳኳ። እማ ዘሐራ ግን እጄን ለቀው አልተነሱም። ከአጠገባቸው የቅቤውን ቅል አነሱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ከዚያ ፈሩና አቆሙ።

"ይሄንስ ያበላሸዋል?"

"ይሄ እጅ ነው እማ። ይቀቡት።"

ቀቡት። ከአንጓዬ ወደ ጣቶቼ፣ ደጋግመው፣ ዱዓ እያደረጉ። ውጭ ጀሪካን እየሞላ ሳለ ነበር ትንሿ ጣቴ መቆጥቆጥ የጀመረችው።